የፍርድ ቤት ክፍያ ሲቀር ምን ይቀራል? የካሊፎርኒያ ተሞክሮ

የ16 ዓመት ልጅ በካሊፎርኒያዋ ከተማ ኦክላንድ ውስጥ ተይዞ ወደ ወጣቶች ማቆያ ገባ እንበል። ጊዜው 2015 ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ልጁ ማቆያው ውስጥ ላደረባት ለእያንዳንዷ ሌሊት ኦክላንድ የምትገኝበት የአላሚዳ ካውንቲ (በስቴቱ ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር) በወላጆቹ ስም 25 ዶላር ከ29 ሳንቲም ይጽፋል። ፕሮቤሽን ቢሮው፣ ማለትም ከማቆያ ውጭ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ያሉትን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ስለ ልጁ ላዘጋጀው የምርመራ ሪፖርት 250 ዶላር ይጨመራል፤ መንግሥት ላቆመለት ጠበቃ ደግሞ 300 ዶላር። ልጁ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጉዳዩን ከውጭ ሆኖ እንዲከታተል ሲፈቀድለት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ለሚታሰረው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በቀን 15 ዶላር፣ ፕሮቤሽን ላይ ለሚቆይበት ጊዜ በወር 90 ዶላር፣ ሽንቱ ለአደንዛዥ ዕፅ በተመረመረ ቁጥር 28 ዶላር ከ68 ሳንቲም ይታሰባል። በአማካይ ጉዳይ ድምሩ ከ2,800 ዶላር ያልፍ ነበር።

ከእነዚህ ክፍያዎች አንዱም ቅጣት አይደለም። ሕጉ ራሱ የሚያያቸው እንደ አስተዳደር ክፍያ ነበር፤ ካውንቲው ልጁን ለመያዝ፣ ለመጠበቅና ለመቆጣጠር ያወጣውን ወጪ ከቤተሰቡ የሚያስመልስበት መንገድ። ከፋዩ ጥፋቱን ያላጠፋው ወላጅ ነው። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

ካሊፎርኒያ ይህን ክፍያ ከ2016 ጀምሮ በየደረጃው እያስቀረች መጥታለች፤ መጀመሪያ ለወጣቶች፣ ቀጥሎ ለአዋቂዎች። ኔቫዳ፣ ሜሪላንድ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሪገንና ሌሎችም ስቴቶች በወጣቶች በኩል የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ብዙ ዓመት ስለሆነው ዛሬ ውጤቱን በግምት ሳይሆን በመረጃ መመዘን ይቻላል። መረጃው የሚያሳየው ክፍያውን ማስቀረት ከሚፈራው በላይ ርካሽ፣ ከሚታሰበው በላይ ግን አድካሚ መሆኑን ነው። ርካሽ የሆነው ገንዘቡ ድሮውንም የማይሰበሰብ ስለነበረ ነው። አድካሚ የሆነው ደግሞ ሕጉ በአንድ ቀን ቢሻርም ዕዳው በብዙ መዝገብ ውስጥ ተበትኖ ስለሚኖር ነው።

አራት ዓይነት ገንዘብ

በወንጀል ጉዳይ የሚጠየቀው ገንዘብ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አለመለየቱ ብዙ ስህተት ያስከትላል። መቀጮ ቅጣት ነው፤ መጠኑን ሕጉ ይወስናል፣ ዳኛው ይፈርዳል። ካሳ ለተበዳዩ የሚከፈል ነው፤ የተሰበረውን መስኮት፣ የታከመውን ቁስል ይተካል። ሦስተኛው በመቀጮው ላይ የሚቆለለው ጭማሪ ሲሆን ከጥፋቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ለፍርድ ቤት ግንባታ፣ ለዲኤንኤ ላቦራቶሪ፣ ለድንገተኛ ሕክምና ይሄዳል። አራተኛው ክፍያው ነው፤ ማለትም የመታሰር፣ የመከላከልና የመቆጣጠር ዋጋ።

ጭማሪው እንዴት እንደሚቆለል በ2020 አካባቢ በነበረው የካሊፎርኒያ የትራፊክ ቅጣት ማየት ይቻላል። መነሻ መቀጮው 100 ዶላር ነው። በእያንዳንዱ 10 ዶላር ላይ ስቴቱ 10፣ ካውንቲው 7፣ የፍርድ ቤት ሕንፃ 5፣ የዲኤንኤ ፈንድ 5፣ ድንገተኛ ሕክምና 2 ዶላር ይጨምራሉ፤ ይህ ብቻውን 290 ዶላር ነው። የመነሻው 20 በመቶ፣ ማለትም 20 ዶላር ይደረባል። ከዚያ ለፍርድ ቤት አሠራር 40፣ ለጥፋተኝነት ምዝገባ 35፣ ለአየር አምቡላንስ 4፣ ለማታ ችሎት 1 ዶላር። 100 የነበረው 490 ሆነ። ቀኑ ካለፈበት ደግሞ ፍርድ ቤቱ እስከ 300 ዶላር የሚደርስ የመዘግየት ቅጣት ሊጨምርበት ይችል ነበር።

አገር ቤት «የዳኝነት ክፍያ» ሲባል የፍትሐ ብሔር ከሳሽ ክሱን ሲከፍት በሚጠይቀው ገንዘብ ልክ የሚከፍለው ነው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ስላደረበት ሌሊት ወይም ስለቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ሒሳብ አይላክለትም። ስለዚህ ኦክላንድ ወይም ሎስ አንጀለስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው መቀጮ ወይም የዋስትና ገንዘብ መስሎት፣ ባይከፍል ልጁ የሚታሰር እየመሰለው ከቤት ኪራዩ ቀንሶ ቢከፍል የሚፈረድበት አይደለም።

ሒሳቡ ዕዳ የሚሆንበት መንገድ

በወረቀት ላይ የመክፈል አቅም ምዘና ነበረ። ወላጁ የካውንቲው የገንዘብ መርማሪ ዘንድ የደመወዝ ማስረጃውንና የታክስ ቅጹን ይዞ ይቀርባል፤ መርማሪው አይቶ ይቀንሳል ወይም ይተዋል። ችግሩ ያልቀረበው ሰው ላይ ነው። ሥራ ያልተፈቀደለት፣ ደብዳቤው የድሮ አድራሻው የሄደበት፣ ቋንቋው ያልገባው ወላጅ ካልቀረበ፣ መርማሪው ሙሉው ሒሳብ እንዲወሰንበት ለፍርድ ቤቱ ሐሳብ ማቅረብ ይችል ነበር፤ ትእዛዙ ይወጣል። አቅም ያነሰው ሰው ለመቅረብም አቅም ያነሰው መሆኑን ሥርዓቱ አላሰበበትም።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ዕዳው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ይሆናል። ከደመወዝ ይቆረጣል፣ የባንክ ሒሳብ ይያዛል፣ የዓመቱ የታክስ ተመላሽ በስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት በኩል ወደ ካውንቲው ይዞራል። ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ቤተሰብ የታክስ ተመላሽ ማለት የክረምት ልብስ፣ የመኪና ጥገና፣ የተጠራቀመ ኪራይ ማለት ነው። የወንጀሉ ጉዳይ ተዘግቶ፣ ልጁ አድጎ ሥራ ይዞ ሳለ ዕዳው ገና ወላጁን ይከተላል።

በኦሬንጅ ካውንቲ አንዲት እናት ልጃቸው ከአንድ ዓመት በላይ በማቆያ በመቆየቱ 16,372 ዶላር ተጠየቁ። ቤታቸውን ሸጠው ከ9,500 ዶላር በላይ ከፈሉ። ካውንቲው ለቀሪው መከታተሉን አላቆመም። ሴትዮዋ ኪሳራ አውጀው እንኳ ካውንቲው ዕዳው እንደ ልጅ ቀለብ የማይሰረዝ ነው ብሎ ተከራከረ። የዘጠነኛው ዙር የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ክርክሩን ውድቅ አደረገው፤ ልጅን ማሰር ቀለብ መስጠት አይደለምና። አንድ ቤተሰብ ቤቱን አጥቶ ከዚያ በኋላ ፍርድ ማግኘቱ ግን የዘገየ ነው።

ሸክሙ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ክፍያው በሌሊትና በወር ስለሚቆጠር፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚታሰርና ፕሮቤሽን ላይ የሚቆይ ልጅ ቤተሰብ የበለጠ ይከፍላል። በአላሚዳ ጥቁር ወጣቶች ፕሮቤሽን ላይ የሚቆዩት ረዘም ላለ ጊዜ ስለነበር አማካይ ሒሳባቸው ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። አንድም የዋጋ ሠንጠረዥ ዘር አይጠቅስም፤ ማባዛቱ ብቻ ይበቃል።

ከሁሉም የሚከፋው የጠበቃው 300 ዶላር ነው። በ1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቅም የሌለው የወንጀል ተከሳሽ ጠበቃ እንዲቆምለት ወሰነ። በ1974 ያው ፍርድ ቤት ስቴቶች የጠበቃውን ወጪ አቅም ካገኘው ሰው እንዲያስመልሱ ፈቀደ። በመካከሉ የተፈጠረው ነገር «መብት አለህ፣ ሒሳቡን ግን እንልክልሃለን» የሚል ነው። ይህን የሰማች እናት ጠበቃውን ላለመፈለግ ምክንያት አላት፤ ልጇ ብቻውን ዳኛ ፊት የመቆሙ አደጋ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ውሃ ቢወቅጡት

የክፍያው ደጋፊዎች ክርክር ቀላል ነበር፤ ግብር ከፋዩ ለምን ይሸከም፣ አገልግሎቱን ያስከተለው ይክፈል የሚል። ክርክሩ የሚያዋጣው ገንዘቡ የሚገባ ከሆነ ነው። በ2014–15 የበጀት ዓመት የአላሚዳ ካውንቲ ከቤተሰቦች 420 ሺ ዶላር ገደማ ሰበሰበ። ለመሰብሰብ ያወጣው ደግሞ 250 ሺ ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ፣ ምዘናና ክትትል የተረፈው 170 ሺ ዶላር አይሞላም። በሳን ፍራንሲስኮ የአዋቂዎች ፕሮቤሽን ክፍያ በወር 50 ዶላር፣ በሦስት ዓመት 1,800 ዶላር ነበር፤ ይሰበሰብ የነበረው 9 በመቶው ብቻ ነው። የብሬናን ማዕከል የተባለው የፍትሕ ጥናት ተቋም በ2019 ያወጣው ጥናት በቴክሳስና በኒው ሜክሲኮ የተመረጡ ካውንቲዎች ከመቀጮና ከክፍያ ለሚያገኙት ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር ከ41 ሳንቲም በላይ ለፍርድ ቤትና ለእስር እንደሚያወጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ የኒው ሜክሲኮ ካውንቲ ደግሞ አንድ ዶላር ለማግኘት ቢያንስ 1 ዶላር ከ17 ሳንቲም እንደሚከሰክስ አሳይቷል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው።

ይህ የሆነው ሰብሳቢዎቹ ስለደከሙ አይደለም። ወንጀል ፍርድ ቤት የሚቀርበው ሕዝብ በብዛት ድሃ ነው፤ አብዛኛው ተከሳሽ በመንግሥት ጠበቃ የሚወከለውም አቅም እንደሌለው አስቀድሞ በፍርድ ቤት ተረጋግጦ ነው። ጠበቃ መቅጠር አይችልም የተባለውን ሰው ያንኑ ዕለት የጠበቃ ክፍያ መጠየቅ ውጤቱ ከመነሻው የታወቀ ነው።

የማስቀረቱ ሂደት

የመጀመሪያው አላሚዳ ነበር። በመጋቢት 2016 የካውንቲው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ የወጣቶች ክፍያን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጨርሶ ሻረው። ክርክሩን በመረጃ ያስደገፉት የበርክሌይ የሕግ ትምህርት ቤት የፖሊሲ ክሊኒክ ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ። በጥቅምት 2017 አገረ ገዢ ጄሪ ብራውን ኤስ ቢ 190 የተባለውን ሕግ ፈረሙ፤ ከጥር 1 ቀን 2018 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ካውንቲዎች ለልጅ ማቆያ፣ ጠበቃ፣ መቆጣጠሪያ፣ ፕሮቤሽንና ምርመራ ወላጅን ማስከፈል ተከለከሉ።

ሕጉ አንድ ቀዳዳ ነበረው። አዲስ ክፍያ ከለከለ እንጂ የቆየውን ዕዳ ሰርዙ ብሎ አላስገደደም። ብዙ ካውንቲዎች በፈቃዳቸው ሰረዙ፤ ሎስ አንጀለስ በ2018 መጨረሻ 89 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተወ። ሌሎች ግን መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። ሕገወጥ የሆነ ክፍያ በጎረቤት ካውንቲ ተሰርዞ እዚህ ግን ደመወዝ ይቆረጥበታል፤ ልዩነቱ የመኖሪያ አድራሻ ብቻ ነው። ይህን ለማስተካከል ኤስ ቢ 1290 የተባለ ሌላ ሕግ በ2020 መውጣት ነበረበት። ተከታዮቹ ስቴቶች ከዚህ ሊማሩ የሚገባቸው ነገር አለ፤ መከልከሉና መሰረዙ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ቀን መሆን አለበት።

በአዋቂዎች በኩል ሳን ፍራንሲስኮ በ2018 በራሷ ሥልጣን ሥር ያሉትን ክፍያዎች ሁሉ ሻረች፤ 21,000 ገደማ ሰዎች ከ32 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተነሣላቸው። ሎስ አንጀለስ በ2020 መጀመሪያ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘች። በዚያው ዓመት የወጣው ኤ ቢ 1869 ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ 23 የአዋቂ ክፍያዎችን በመላው ስቴት አስቀረ፤ የተሰረዘው ዕዳ 16 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገምቷል። ከጥር 2022 ጀምሮ ኤ ቢ 177 ሌሎች 17 ክፍያዎችን አስቀረ፤ መዝገብን ለማጽዳት የሚጠየቁ ወጪዎች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት ኤ ቢ 199 የ300 ዶላሩን የመዘግየት ቅጣት ወደ 100 አወረደው፤ የቆየውንም ሰረዘ።

ወንጀል ቀነሰ ወይ?

በዚህ ጥያቄ ላይ የክፍያ መቅረት ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ከመረጃው አልፈው ይናገራሉ። ተደጋግሞ የሚጠቀሰው በፔንሲልቬኒያ አሌጌኒ ካውንቲ በ1,167 ወጣቶች ላይ የተደረገውና በ2017 የታተመው ጥናት ነው። ገንዘብ የተጣለባቸውና ያልተከፈለ ዕዳ ያለባቸው ወጣቶች ዳግም ወደ ወንጀል የመመለሳቸው ዕድል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጠቃሚ ጥናት ነው፤ ነገር ግን ክፍያን፣ መቀጮንና ካሳን አንድ ላይ የያዘ ነው፣ ወጣቶቹም በዕጣ የተመደቡ አይደሉም። ዕዳው ወደ ወንጀል ገፋቸው ወይስ ችግር የበዛበት ልጅ ዕዳም ወንጀልም በዛበት የሚለውን ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም።

ከዚህ የጠነከረው በኦክላሆማ ካውንቲ የተደረገው ሙከራ ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራኑ እነ ዴቫ ፔጀርና ብሩስ ዌስተርን ያሉበት ቡድን ቀላል ወንጀል የተከሰሱ 606 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ የአንደኛውን ቡድን የፍርድ ቤት ዕዳ ከፈለላቸው፣ ሁለተኛው እንደተለመደው ቀጠለ። በ2022 የታተመው ውጤት አዲስ ወንጀል በመከሰስ ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አላሳየም። ልዩነቱ የታየው ሌላ ቦታ ነው። ዕዳው ያልተከፈለለት ቡድን ላይ ብዙ የመያዣ ትእዛዝ ወጣ፣ የታክስ ተመላሹ ተያዘ፣ ስሙ ለግል ዕዳ ሰብሳቢ ተላለፈ።

ይህን ውጤት እንደ ሽንፈት ማየት ስህተት ነው። ውጤቱ የሚለው ክፍያውን ማስቀረት ወንጀልን እንደማያበዛ ነው፤ የሚያስቀረው ከወንጀል ጋር ግንኙነት የሌለውን፣ ከገንዘብ እጦት ብቻ የሚመነጨውን የቅጣት ሰንሰለት ነው። አንድ ሰው 300 ዶላር ባለመክፈሉ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣበታል፤ ፖሊስ ለሌላ ነገር ሲያስቆመው ይታሰራል፤ ሥራው ይቀርበታል፤ ካውንቲው እሱን ለማሰር ከ300 በላይ ያወጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 በጆርጂያ ጉዳይ ሆን ብሎ ያልከፈለውንና ያጣውን ሳይለዩ ፕሮቤሽን መሻር ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወስኗል። አርባ ዓመት አልፎም ሰንሰለቱ የቀጠለው የመለየቱ ሥራ በየችሎቱ በችኮላ ስለሚታለፍ ነው። ክፍያው ከሌለ ግን መለየትም አያስፈልግም። ስለዚህ ክፍያን ማስቀረት ወንጀል ይቀንሳል በሚል ተስፋ ሳይሆን አላስፈላጊ እስርን ስለሚያስቀር ብቻ ይደገፍ፤ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ሥራው የሚበላሽበት ቦታ

ሕጉ «ዕዳው ሊሰበሰብ አይችልም፣ ፍርዱም ቀሪ ነው» ይላል። የካውንቲው የሒሳብ ክፍል ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ድምር ነው። 1,940 ዶላር የሚል ቁጥር፤ በውስጡ መቀጮ፣ ጭማሪ፣ ካሳና የተሰረዘው ክፍያ ተቀላቅለዋል። የድሮ መዝገብ ከሆነ የትኛው መስመር በየትኛው የሕግ ቁጥር እንደተጣለ ለማወቅ የወረቀት ፋይል ማውጣት ያስፈልጋል። በከፊል የተከፈለ ከሆነ ደግሞ የተከፈለው የትኛውን ሸፈነ የሚል ጥያቄ ይመጣል። የካሊፎርኒያ ሕግ ለተበዳይ ካሳ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ለካውንቲው የሚመለሰው ወጪ መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚሠራው ግን ገንዘቡ በአንድ እጅ ሲሰበሰብ ብቻ ነው። ልጁ ለተበዳዩ ስላለበት ካሳ አንድ ቢሮ፣ ስለ ማቆያው ሌላ ቢሮ ደብዳቤ ሲልክ ቤተሰቡ የሚከፍለው ቀድሞ ላስፈራራው ነው፤ ተበዳዩም እየጠበቀ ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር የተበተነው መዝገብ ነው። ዕዳው በፍርድ ቤት ሥርዓት ተሰርዞ ሳለ በካውንቲው የንብረት መዝገብ ላይ በቤት ላይ የተመዘገበ ዕገዳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ቤት ሲሸጥ ወይም ብድር ሲታደስ ነው የሚገኘው። የታክስ ተመላሽ እንዲያዝ የተላከ ጥያቄ በጽሑፍ ካልተሳበ ይቀጥላል። ለግል ሰብሳቢ የተላለፈ ፋይል ካልተመለሰ ስልኩ አይቆምም። ስለዚህ ዕዳ መሰረዝ ማለት ቢያንስ አራት መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ እርምጃ የሚወስዱበት ሥራ ነው፤ አንዱ ከዘለለ ለባለዕዳው ምንም እንዳልተሰረዘ ነው።

ሦስተኛው፣ የከፈለ አይመለስለትም። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ኤ ቢ 1869 የሚሰርዘው በሐምሌ 1 ቀን 2021 ያልተከፈለውን ቀሪ ብቻ ነው ብለው ተርጉመዋል። ከዚያ በፊት ከደመወዙ በየወሩ 50 ዶላር ሲያስቆርጥ የኖረ ሰው ገንዘቡን አያገኝም፤ ጨርሶ ያልከፈለው ግን ሙሉ ይሰረዝለታል። ይህ ያበሳጫል፣ መበሳጨቱም ትክክል ነው። የበጀት ችግሩ ቢገባንም፣ ቢያንስ ልጃቸው ነጻ ሆኖ ሳለ ወይም ከሕጉ ውጭ ለተጠየቁ ወላጆች መመለስ ነበረበት። የኮንትራ ኮስታ ካውንቲ አላግባብ ላስከፈላቸው ወላጆች እንዲመለስ መወሰኑ የሚቻል መሆኑን አሳይቷል።

አራተኛው፣ ክፍያው ቢቀርም ያልቀረ ብዙ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ጥፋተኝነት የሚጣለው 40 ዶላር የፍርድ ቤት አሠራር ጭማሪ አለ፤ በወንጀል ጉዳይ 30 ዶላሩ የሕንፃ ጭማሪም አለ። ወደ ስቴቱ የተጎጂዎች ፈንድ የሚገባው «የካሳ መቀጮ» በቀላል ወንጀል ከ150፣ በከባድ ወንጀል ከ300 ዶላር ይጀምራል፤ ስሙ ካሳ ቢሆንም ለራሱ ለተበዳዩ የሚደርስ አይደለም። በ2024 የወጣ ሕግ ይህ መቀጮ ከተጣለ 10 ዓመት ካለፈው እንዳይሰበሰብ አድርጓል። ሰዎች «ክፍያ ቀረ» ሲባል ሁሉም የቀረ መስሏቸው መክፈል ሲያቆሙ የሚጎዱት እዚህ ጋ ነው።

የበጀቱ ቀዳዳ

ፕሮቤሽን ቢሮዎችና የካውንቲ አስተዳደሮች የገቢ መቋረጥን ፈርተው ነበር። ስቴቱ ለኤ ቢ 1869 ማካካሻ በዓመት 65 ሚሊዮን ዶላር እስከ 2025–26 የበጀት ዓመት፣ ለኤ ቢ 177 ደግሞ በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ። የ16 ቢሊዮኑ የብዙ ዓመታት ክምችት፣ 65 ሚሊዮኑ ደግሞ የአንድ ዓመት ገቢ ስለሆነ ሁለቱን በቀጥታ ማወዳደር አይገባም። ቢሆንም ርቀቱ አንድ ነገር ይናገራል፤ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ዕዳ በአብዛኛው ፈጽሞ የማይገባ ቁጥር ነበር። ለካውንቲው ሀብት ያልሆነው ለባለዕዳው ግን እውነተኛ ሸክም ነበር።

አደጋው ማካካሻው ሲያበቃ ነው። የገቢ ምንጩ ተዘግቶ ምትኩ ካልቀጠለ ካውንቲው ሦስት በር አለው፤ ከጠቅላላ በጀቱ መሸፈን፣ አገልግሎት መቀነስ፣ ወይም ክፍያውን በሌላ ስም ማምጣት። ሦስተኛውን መከታተል ያስፈልጋል። ካውንቲው ራሱ የሚያስኬደውን የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ለግል ኩባንያ አሳልፎ ሰጥቶ ኩባንያው ተጠቃሚውን በቀጥታ የሚያስከፍልበት አሠራር፣ ወይም የግዴታ ኮርስ ዋጋ እየጨመረ መሄድ፣ ለቤተሰቡ ያው ክፍያ ነው።

ለስደተኛ ቤተሰብ ያለው ትርጉም

ክፍያው ለስደተኛ ተጨማሪ አደጋ አለው። የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ኤን-400 እስርንና የፖሊስ ክስን ሁሉ ይጠይቃል፤ ደንቡ አመልካቹ ፕሮቤሽን ላይ እያለ ማመልከቻው አይጸድቅም ይላል። በበርካታ ስቴቶች ዕዳ ባለመከፈሉ ፕሮቤሽን ሲራዘም የዜግነት ጉዳይም አብሮ ይቆማል። በ2008 የስደተኞች ይግባኝ ቦርድ የፍርድ ቤት ወጪና ጭማሪ መጣሉ ራሱ ለስደተኛ ሕግ «ቅጣት» ነው ብሎ ወስኗል። ዳኛው ጥፋተኝነቱን ሳይመዘግብ «ወጪውን ከፍለህ ሂድ» ያለበት ስምምነት በስቴቱ ሕግ ጥፋተኝነት ባይሆንም፣ በስደተኛ ሕግ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የወጣት ፍርድ ቤት ውሳኔ በአንጻሩ ለስደተኛ ሕግ እንደ ወንጀል ጥፋተኝነት አይቆጠርም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲና የመተግበሪያ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የከተማዋ ሕግ ለከተማዋ ከ100 ዶላር በላይ ዕዳ ያለበት ሰው መንጃ ፈቃድ እንዳያድስ ይከለክል ነበር፤ በታኅሣሥ 2022 የፌዴራል ዳኛ አገደው፣ ምክር ቤቱም ሕጉን ለወጠ። ቨርጂኒያ ባልተከፈለ የፍርድ ቤት ዕዳ ምክንያት መንጃ ፈቃድ ማገድን በ2020 በቋሚነት አቁማለች። ለሹፌር መንጃ ፈቃድ ማለት ዕዳውን የሚከፍልበት ሥራ ነው፤ ሥራውን ወስዶ ክፈል ማለት አይሠራም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ አሮጌ ዕዳ ያለበት ሰው መጀመር ያለበት ከሒሳብ መግለጫ ነው። ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወይም ለካውንቲው ገቢ ሰብሳቢ በጽሑፍ፣ እያንዳንዱ መስመር የተጣለበት የሕግ ቁጥርና ቀን ተዘርዝሮ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ድምሩን ብቻ የሚያሳይ ወረቀት አይቀበል። የወጣትነት ጉዳይ ሆኖ ከ2018 በፊት በወላጅ ላይ የተጣለ የማቆያ፣ የጠበቃ ወይም የፕሮቤሽን ክፍያ ካለ ተሰርዟል። በአዋቂ ጉዳይ ላይ የተጣለ የፕሮቤሽን ክትትል፣ የመንግሥት ጠበቃ፣ የእስር ምዝገባ ወይም ካውንቲው የሚያስኬደው የመቆጣጠሪያ ክፍያ ካለም እንደዚያው። ካሳና መቀጮ ግን አሉ፤ ለእነሱ የመክፈል አቅም እንዲታይለት ወይም በሰዓት ሥራ እንዲተካለት መጠየቅ ይችላል። መሰረዙን የሚያሳይ ወረቀት ከያዘ በኋላ ቤቱ ላይ ዕገዳ ተመዝግቦ እንደሆነ በካውንቲው የንብረት መዝገብ ያስፈትሽ፤ የዜግነት ማመልከቻ ካለው የወረቀቱን ማኅተም ያለበት ቅጂ ከጉዳዩ ውሳኔ ጋር ያያይዝ። ደብዳቤው የመጣው ከግል ሰብሳቢ ከሆነ፣ መግለጫው ከፍርድ ቤት እስኪመጣ ድረስ በስልክ የክፍያ ስምምነት አይግባ፤ የተሰረዘውን ዕዳ አንዴ ከከፈለው ላይመለስለት ይችላል።